ክርክር፦ ስለ እገታ በሚሠራ ቲያትር ተመልካቹ ይነሣ ወይስ ተቀምጦ ይይ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ስለ እገታ ድራማ ቢሠራ፣ ተመልካቹ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጫወት?

አዘጋጅ፦ ይውጣ እንጂ! ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረው የፎረም ቲያትር ለዚህ የተበጀ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ድራማ ይሠራና ነገሩ ክፉኛ በተበላሸበት ላይ ይቆማል። ለምሳሌ ልጇ የታገተባት እናት ለማስለቀቂያው ገንዘብ የጎረቤት በር ታንኳኳለች፤ ጎረቤቲቱ «እኔንም ብር አላት ይሉኛል» ብላ ትዘጋባታለች። አለቀ። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል። ያየው የከፋው ተመልካች «ቁም!» ይልና በእናቲቱ ወይም በጎረቤቲቱ ቦታ ገብቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በአጋቹ ቦታ ግን አይገባም፤ አጋቹ ድንገት ከራራ ችግሩ በተአምር ተፈታ ማለት ነው።

ተዋናይት፦ የሚበላሸው በተመልካቹና በመድረኩ መሃል ቆሞ በሚመራው አወያይ ላይ ነው። የሞከረውን ሰው «ጎበዝ፣ ልክ ነህ» ካለው ሁለተኛ ሰው አይነሣም። «ይህን ብታደርግ ነገ ጠዋት ምን ይመጣል?» ነው ማለት ያለበት። ደግሞ ልጇ በእውነት የታገተባት እናት ከተመልካቹ መሃል ልትኖር ትችላለች። በሩ ሲዘጋ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ፣ ድራማው ባይታይ ይሻላል።

ባለመሰንቆ፦ ፊቱን አሳይቶ የተናገረ ሰውስ? ማታ ብቻውን ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። አዝማሪ ቤት ለዚህ የቆየ መላ አለው፦ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ያወጣዋል። ሰሙ ለሁሉ፣ ወርቁ ለገባው። ስንኙ በጆሮ ከተሰጠ ደግሞ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ተዋናይት፦ ሽፋን ሁልጊዜ አያድንም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሹማምንቱን በአውሬዎች ተረት ሸፍነው ቢተቹም፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትራቸው ታግዷል። አዝማሪ ቤት ደግሞ የሸለመ ነው የሚወደሰው፤ ድሃዋ እናት ምን ይዛ ትገባለች?

ባለመሰንቆ፦ ልክ ነው፣ ሽልማት በዚያ ቀን ይቅር። ቦታውም ይታሰብበት፤ መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ ፒያሳ ላይ በባጃጅ ጫጫታ መሃል አይሰማም። ጠበብ ያለ ግቢ ይሻላል።

አዘጋጅ፦ እኔ የምፈራው ስንኙ በሌላ አፍ ሲወጣ መለወጡን ነው። ቦአልም መጀመሪያ ተመልካቹ ሐሳብ እየሰጠ ተዋናዮቹ ይጫወቱት ነበር። ፔሩ ውስጥ አንዲት ሴት «ያልኩት ይህን አይደለም» እያለች ደጋግማ ብታስረዳም ሊገባቸው ስላልቻለ ራሷ ወጥታ ተጫወተችው።

ተዋናይት፦ እንግዲያው ስንኝ ሰጪው ካልተስማማው እጁን ያንሣ፣ አዝማሪው ተጠግቶ እንደገና ይቀበለው። መውጣት የፈለገም ይውጣ። ማንም ግን በስሙ ተጠርቶ እንዳይወጣ።