የንጋት ሰማይ ፎቶ፦ የትኛው ሌሊት? ከየት?

ከደብረ ማርቆስ (ሰብሳቢ)፦
እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ለትምህርት ቤቶች የምናሳየው የፎቶ ዐውደ ርእይ ረቂቁ ይኸው። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ሁላችንም ጮቄ ተራራ እንወጣለን። ጨረቃን፣ ፕላኔቶችንና ከዋክብትን ጎህ ሳይቀድ እናነሳለን። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ጥርት ያለ ነው። የጎደለውን ሙሉበት።

ከቢቸና፦
ጋሼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ጮቄን ግን እንተወው። በታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው። አምና ከዚያ በታች ሆኜ እንኳ ባትሪዬ በብርዱ ቶሎ አለቀ። ሌንሱ ጤዛ ለብሶ ሌሊቱን ሙሉ ካነሳሁት የተረፈኝ 4 ፎቶ ብቻ ነው። ደግሞ የሌሊት መንገዱስ? ትሪፖድ ተሸክሞ በጨለማ የሚሄድ ሰው ያየ ገበሬ ምን ያስባል? ማንንም ማስደንገጥ የለብንም።

ከደጀን፦
እኔም ከእህቴ ጋር ነኝ። ቤቴ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው፣ ደቡቡ ወለል ብሎ ይታያል። በታኅሣሥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከበረሃው ማዶ ብቅ ብሎ ይቆማል። ዞር ስል የሰሜን ኮከብ አለ፣ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ። አውሮፓ ያለ ሰው መስቀሉን ከደጁ አያየውም። እኛ ሁለቱንም ከአንድ ግቢ እናያለን! ታዲያ ለምን እንጓዛለን? በአንድ ሌሊት ሁላችንም ከየግቢያችን እናንሳ።

ከፍኖተ ሰላም፦
ተስማምቻለሁ። የኔ ጭንቀት ጨረቃዋ ናት። እሷ ደምቃ ከወጣች ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ይጠፉብናል። እኔ ጨለማ እፈልጋለሁ።

ከመርጡለ ማርያም፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ይገኛል። የኔታ ባሕረ ሐሳብ (የዘመን ቆጠራ) ሲያስተምሩን አበቅቴና ሕፀፅ የሚባሉትን የቆጠራ ቁጥሮች ደምረን የጨረቃን ሌሊት እንቆጥር ነበር። 27ኛውን ሌሊት እንያዝ። ያን ጊዜ ጨረቃ ከፀሐይ 2 ሰዓት ያህል ብቻ ቀድማ ትወጣለች፣ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ግድም። ከ8 ሰዓት እስከዚያ ድረስ ሰማዩ የከዋክብት ነው። ከዚያ ቀጭኗ ጨረቃ ትመጣለች። ጨለማው ጎኗም ፈዞ ይታያል፤ ከምድር ተንጸባርቆ የደረሰባት የፀሐይ ብርሃን ነው። ይህን ለተማሪዎች ማሳየት በጣም እጓጓለሁ። ቆጠራው ከሰማዩ ጋር በአንድ ቀን ሊዛነፍ ስለሚችል ግን ሁለት ቀን ቀድመን በዓይናችን እንይ።

ከደብረ ማርቆስ (ፎቶ ቤት ያለኝ)፦
ስለ አነሳሱ ልጨምር። 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ የሚወጣው ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ሰከንድ ነው። 24 ከሆነ 20 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ከዋክብቱ ይሰመራሉ። ጨረቃን ሁለት ጊዜ አንሱ፦ አንዴ ለብሩህ ጎኗ በፈጣን ሹተር፣ አንዴ ለጨለማው ጎን 1 ወይም 2 ሰከንድ። ጁፒተር ከተገኘ 300 ሚሊሜትር ሌንስ አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቹን ያወጣቸዋል። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው እነሱን ነው። ትሪፖድ የሌለው ስልኩን ሽንብራ የሞላ ከረጢት ላይ ያስደግፍ፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪም ይክፈት። መጠባበቂያ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይሙቅ።

ከቢቸና፦
አጥቢያ ኮከብ በሌለችበት ወር እንዳይሆን ደግሞ። ቬነስ አንዳንዴ የምሽት ኮከብ ናት። እናቴ ስንት ዘመን በእሷ ተነስታ ወፍጮ ወርዳለች። ያለ እሷ ዐውደ ርእዩ ይጎድልብኛል።

ከደብረ ማርቆስ (ሰብሳቢ)፦
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ። «አጥቢያ ኮከብ በንጋት በምትታይበት የበጋ ወር፣ በጨረቃ 27ኛ ሌሊት፣ ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት፣ እያንዳንዱ አባል ከግቢው ያነሳል። ደመና ከሆነ በማግስቱ ይደገማል። ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል። ከእያንዳንዱ 3 ፎቶ፦ አንድ የጨረቃ፣ አንድ የፕላኔት፣ አንድ የከዋክብት።» ከመርጡለ ማርያም ያለኸው ወንድሜ፣ ቀኑን ቆጥረህ እስከ እሑድ አሳውቀን።