ለ8ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ምን ዓይነት የድርሰት ርእስ ይሰጣል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ መምህራን፣ የአማርኛ መምህር ነኝ። «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» የሚል ርእስ በሰጠሁ ቁጥር 60 ደብተር አርሜ የማነበው አንድ ዓይነት ድርሰት ነው፤ ሁሉም ቤተሰባቸውን ረድተው፣ አጥንተውና ተዝናንተው ይጨርሳሉ። ልጆቹ የራሳቸውን ሐሳብ እንዲጽፉ የሚያነሣሣ ምን ርእስ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ርእሱን ማጥበብ ይበጃል። እኔ «በቤታችሁ ካለው ዕቃ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው የትኛው ነው? ማንስ አመጣው?» ብዬ ስጠይቅ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንገቱ ተሰንጥቆ በሽቦ ስለ ታሰረው የአያቱ ጀበና ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ አመጣልኝ። ደብተሩን ስመልስለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልስ 2፦
ለ10ኛ ክፍል አመዛዛኝ ድርሰት የሚጋጩ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ይስጧቸው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እና «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉትን ጎን ለጎን ጽፈው፣ የትኛው እንደሚያሳምናቸው ራሳቸው ካዩት ነገር ተነሥተው እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው።

መልስ 3፦
በመልስ 1 የቀረበው ግሩም ነው፤ ሆኖም ከወላጆቹ ርቆ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሊከፋው ስለሚችል፣ ምንጊዜም ሁለተኛ አማራጭ ርእስ አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው።