ገቢ ግብር የሚከፍለው ማነው? ፖለቲከኞች የሚሉትን እንዴት እናጣራ

የኮዬ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሰሞኑን ብሎካችን ላይ ቡና በተጠጣ ቁጥር ወሬው ግብር ነው። አንዱ ፖለቲከኛ ቲቪ ላይ ወጥቶ አብዛኛው ህዝብ ግብር አይከፍልም ይላል፣ ሌላው አዲሱ አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝተኛውን ነፃ አወጣው ይላል፣ ሌላው ደሞ አገሪቷን የተሸከመው ደሞዝተኛው ብቻ ነው ይላል። እህቴ ፋብሪካ ነው የምትሰራው፣ በየወሩ እየተቆረጠባት ግብር አትከፍይም ስትባል በጣም ነው የከፋት። እኛ ተራ ሰዎች ይሄን በምን እናጣራ?

ፔይሮል ላይ ያለሁ
እህትህ የደሞዝ ስሊፗን ታውጣ፣ ከዛ ነው የሚጀመረው። በድሮው አዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ነበር፣ በአዲሱ አዋጅ 1395/2017 ወደ 2,000 ከፍ አለ። ስለዚህ ነፃ ወጣ የሚባለው 2,000 እና ከዛ በታች የሚያገኘው ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ያለችው ብር በ15 ፐርሰንት ትጀምራለች፣ የድሮው 10 ፐርሰንት ጠፍቷል። 9,000 የሚከፈለው ሰው በፊት 1,745 ይቆረጥበት ነበር አሁን 1,400፣ ጡረታ 7 ፐርሰንት 630 ሲነሳ እጁ ላይ 6,970 ይደርሳል። ማንም የማያወራው ነገር ግን አለ። ቅናሹን በብር አስሉት እስቲ፣ 2,500 የሚያገኘው ከ232.50 ወደ 75 ወረደለት፣ 157.50 ተረፈው ማለት ነው፣ 9,000 የሚያገኘው 345፣ ከ14,000 በላይ ያለው ግን 50,000ም ይሁን 100,000 ለሁሉም 550 ብር ነው የቀነሰለት። ለዝቅተኛው ተብሎ ሲነገር ይሄም አብሮ መነገር አለበት ባይ ነኝ። ከደሞዙ አንፃር ካየነው ትንሹ የበለጠ እንደተጠቀመ አልክድም፣ ሁለቱም ይባል ነው የምለው።

ቱሉ ዲምቱ ሱቅ
እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ደሞዝተኛው ብቻ ነው የሚከፍለው ሲባል አልስማማም ግን ንዴቱ ይገባኛል፣ የሱ ገና እጁ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው፣ እኛ ዓመቱ አልቆ ነው የምናሳውቀው፣ ሳያሳውቅ የሚቀርም አለ። ህዝቡ አይከፍልም የሚለው ግን ከሁሉም ይብሳል። ገቢ ግብር አንድ ነገር ነው፣ ቫት ሌላ። ከኔ ሱቅ ሳሙና የምትገዛ እናት ደሞዝ የሚባል ነገር ላይኖራት ይችላል፣ ግን የፋብሪካው 15 ፐርሰንት ቫት ዋጋው ውስጥ አለ፣ ከፍላለች። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ገበሬም የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ይከፍላል፣ የሚከፍለው ግን ለክልሉ ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 97 ላይ ተፅፏል። ፖለቲከኛው የገቢዎች ሚኒስቴርን ቁጥር ብቻ ይዞ ከመጣ ይሄ ገበሬ እዛ ውስጥ የለም።

አንባቢ
ቱሉ ዲምቱ ልክ ብለሃል ወንድሜ። ይሄ ነገር አሜሪካም ተደርጓል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ምርጫ የሪፐብሊካኖቹ ፕሬዝዳንታዊ እጩ ሚት ሮምኒ 47 ፐርሰንቱ ገቢ ግብር አይከፍልም ብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ብዙም አልተሳሳተም፣ በወቅቱ የነበረው ግምት 46 ፐርሰንት አካባቢ ነበር፣ ግን የፌዴራል ገቢ ግብርን ብቻ ነው የሚመለከተው። ከነዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለጡረታና ለጤና መድን ከደሞዛቸው ይቆረጥባቸው ነበር፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ደሞ አዛውንቶችና በጣም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰው ተሰደበበት። እኛም ጋ አንድ ሰው ፐርሰንት ሲጠራ ከስንት ሰው ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ህፃናቱንና ተማሪውን ደምሮ ካካፈለ የትም አገር ከፋዩ ጥቂት ነው የሚሆነው። የትኛው ግብር፣ የየትኛው በጀት ዓመት የሚለውም አይቅር፣ አዲሱ ስሌት የጀመረው ከሐምሌ 2017 ስለሆነ በ2016 ቁጥር የሚከራከር ሰው ስለሌላ አዋጅ ነው የሚያወራው።

የኮዬ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የፖለቲከኛውን ቪዲዮ ከነቀኑ ቆርጬ መረጃ ለሚያጣራው ሀቅቼክ ልልከው ነው፣ የገበሬውን ነገር ግን ከዚህ በፊት ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። ፔይሮል፣ ኦቨርታይምስ በዚሁ ስሌት ነው የሚቆረጠው?

ፔይሮል ላይ ያለሁ
አዎ፣ የወሩ ደሞዝ ላይ ተደምሮ ነው። ጡረታው ግን ከመሰረታዊ ደሞዝ ላይ ብቻ ነው የሚሰላው፣ እሱን ለይታ ትየው።