ድሬዳዋ ሆኜ በሂፕኖሲስ ጭንቀት ማከም መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሳይኮሎጂ ዲግሪ አለኝ። አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ከሥራ ውጭም ሰው ይመጣብኛል፤ ጎረቤት፣ የጎረቤት እህት፣ ቀፊራ የምትነግድ የእናቴ ጓደኛ። ወሬው ተመሳሳይ ነው። እንቅልፍ የለም፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ዕቃ ተይዟል፣ የዕቁብ ቀን ደርሷል፣ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ስልክ አታነሳም። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ግን መስማት ብቻ የማይበቃቸው አሉ።

ሰሞኑን ስለ ሂፕኖቴራፒ፣ ማለትም በሂፕኖሲስ ስለሚሰጥ ሕክምና፣ ብዙ ቪዲዮ አየሁ። ባለሙያው በለሰለሰ ድምፅ ያወራል፣ ታካሚዋ ትረጋጋለች፣ ስትነሳ ፊቷ ሌላ ነው። ወደድኩት። በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስም አገኘሁ። ቅዳሜና እሁድ ተምረሽ "የተመሰከረለት ሂፕኖቴራፒስት" የሚል ወረቀት ትቀበያለሽ ይላሉ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ለእኔ ደሞዝ ከባድ ነው።

ነገሩ እውነት ይሠራል? ኮርሱን ልውሰድ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ድሬ ላይ ቢሮ መክፈትስ? አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ "አሁኑኑ ሞክሪብኝ" ብላ ይዛኛለች። ምን ልበላት?

የሐረሩ ነርስ

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ ሐረር ነው የምሠራው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ጎረቤትሽ ላይ እንዳትሞክሪ። መጀመሪያ ትመርመር። ልብ በፍጥነት መምታት፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ክብደት መቀነስ ከታይሮይድ ችግር ሊመጣ ይችላል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። ስኳር ሲወርድም እንደዚያው። እነዚህ ሁሉ "ጭንቀት" ተብለው ወራት ሊያልፋቸው ይችላል። ድሬ ላይ ድል ጮራ አለላችሁ፤ እዚህ ደግሞ ሕይወት ፋና አለ። ውድ ምርመራ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጫት ነው። በእኛ አገር ይህን ሳይጠይቅ ጭንቀት አክማለሁ የሚል ሰው ሥራውን አልጀመረም። "ትቅማለህ?" ብለሽ አትለፊው፤ "አልፎ አልፎ" ይልሻል። ስንት ሰዓት ይጀምራል? ስንት ዙርባ? ማታ ጨብሲ አለ? ዱካክ ይመጣበታል? ሳይቅም ሲውልስ ምን ይሆናል? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውን ያስጨንቃል። ከምሳ ጀምሮ እስከ ማታ ቅሞ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" የሚልን ሰው በለሰለሰ ድምፅ ላስተኛው ማለት ድካም ነው። ቡናውንም ቁጠሪ። ሴቶቹ ጋ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው እሱ ጋ ነው፤ ሦስት ጀበና በቀን የምትጠጣ ሴት "ቡና አልወድም" ስትለኝ ሰምቻለሁ።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ ለጭንቀት ሕመም ቀድሞ የሚመከረው ሲቢቲ የሚባለው፣ የሚያስጨንቅ ሐሳብንና ልማድን ለይቶ መቀየር የሚያስተምር የንግግር ሕክምና ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒት ይጨመራል። ሂፕኖሲስ በራሱም ጭንቀት እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የተሻለ ውጤት የሚታየው ግን ከሌላ የንግግር ሕክምና ጋር ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ደጋፊ መሣሪያ አድርጊው። ዋናውን ሳትይዢ ደጋፊውን ብትይዢ ምን ትደግፊበታለሽ?

የማትነኪያቸው ሰዎችም አሉ። ድምፅ የሚሰማው፣ "ይከታተሉኛል" የሚል፣ ያለ እንቅልፍ ቀናት ከርሞ ኃይሉ የማያልቅ ሰው ለሂፕኖሲስ አይሆንም፤ ሊብስበት ይችላል። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ ብቻውን ሳትተዪው በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሺው።

ባጃጅ ነጂው

አቦ ይሄ አፍዝ አደንግዝ አይደለም እንዴ? ታይዋን ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ ወርቋን አውልቃ ሰጥታ መጣች ሲባል ሰምቼ ነበር። አሁን እሱን ዲፕሎማ ሊሰጡበት ነው?

የድሬ ልጅ ከእንግሊዝ

ባጃጅ ነጂው፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። እህታችን ቢሮ ብትከፍት መጀመሪያ የሚጠይቋት ይህንኑ ነው፤ መልሱን ከአሁኑ ትያዘው። ሂፕኖሲስ ላይ ያለ ሰው አልተኛም። ይሰማል፣ ያውቃል፣ ካልፈለገ ተነስቶ ይሄዳል። ትኩረቱ አንድ ነገር ላይ ስለተሰበሰበ ብቻ ሌላው ይርቅበታል። ጥሩ ፊልም ስታይ ስምህ ሲጠራ እንደማትሰማው ማለት ነው።

ስሙ የተበላሸው ከድሮ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም ፓሪስ ውስጥ "በሰውነት ውስጥ የማይታይ መግነጢሳዊ ፈሳሽ አለ፣ እሱን አስተካክላለሁ" እያለ ሰው ያክም ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮአዚየ ነበሩበት። ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሰዎቹ ግምትና እምነት ነው አሉ። ከዚያ በ1841 ጄምስ ብሬድ የሚባል ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማንቸስተር ውስጥ የመድረክ ትርኢት አይቶ ተጠራጠረ። ራሱ ሞከረው። በ1843 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩ ከፈሳሽም ከአስማትም እንዳልሆነ፣ ከትኩረት እንደሚመጣ ጻፈ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1958 ለሕክምና ሊውል እንደሚችል ተቀበሉት። ቤልጂየም ሊዬዥ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ1992 ጀምሮ ለአንዳንድ ቀዶ ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ በመስጠት ፋንታ ሂፕኖሲስን ከአካባቢ ማደንዘዣና ከቀላል ማረጋጊያ ጋር ይጠቀማል።

ወደ ኮርሱ ልምጣ። እዚህ እንግሊዝ ሂፕኖቴራፒስት ነኝ ለማለት ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም። ማንም ታፔላ ይሰቅላል። በፈቃደኝነት የሚገቡበት መዝገብ አለ፣ ደህና ባለሙያ የሚፈልግ ሰው እዚያ ያያል። "ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት" የሚሉሽም ብዙዎቹ ራሳቸው አስተምረው ራሳቸው የሚመሰክሩ ናቸው። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ ሚልተን ኤሪክሰን በ1957 ያቋቋመው የክሊኒካል ሂፕኖሲስ ማኅበር የሚያሠለጥነው የጤና ሙያ ፈቃድ ያላቸውንና በዚያው ሙያ ከዲግሪ በላይ የሚማሩትን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመለየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ "ከመመዝገቤ በፊት ምን መሆን አለብኝ?" ብለሽ ጻፊላቸው። "መክፈል ብቻ" ካሉሽ ዶላርሽን ያዢ።

ከዚራ

እኔ የታከምኩ ሰው ነኝ። ውጭ አገር ስኖር ሊፍት ውስጥ መግባት አልችልም ነበር፤ ዘጠነኛ ፎቅ በእግሬ እወጣ ነበር። የሳይኮሎጂ ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው። መቼ ጀመረ፣ ምን ትፈራለህ፣ ምን ትወስዳለህ። ቅር ብሎኝ ነበር፣ ሰዓት የምትወዛውዝ መስሎኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ እስትንፋሴን እንድከተል፣ ከዚያ ከእግር ጣት ጀምሮ ሰውነቴን እንዳላላ ነገረችኝ። ቀስ እያለች ሊፍቱን በሐሳቤ አስገባችኝ። መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ። መጨረሻ ላይ ቆጥራ አስነሳችኝ። ድምፁን ቀድታ ሰጥታኝ ማታ ማታ እሰማው ነበር። በየመሐሉ ደግሞ እውነተኛው ሊፍት ጋ ይዛኝ ሄደች። እኔ እንደሚመስለኝ ያዳነኝ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ግን ወደ ሁለተኛው እንድደርስ ድፍረት ሰጠኝ።

የሳቢያኗ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ኮርሱን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ወደ እኔ ከሚመጡት ግማሾቹ በኦሮምኛ ወይም በሱማሊኛ ነው ልባቸውን የሚከፍቱት። ቪዲዮዎቹ ላይ ያለው "በባሕር ዳርቻ ነጭ አሸዋ ላይ ተኝተሻል" የሚል ንግግር ለእነሱ ምን ይላቸዋል? ሌላው፣ እናቴ "መንፈስ ትጠሪያለሽ" ብላ ተቆጥታለች።

መጋላ

ባሕሩን ተዪው። እኔ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በረሃ የሚኖር ሰው ባሕር ዳር ሲሉት ወዲያው የሚያስበው በጀልባ የሄደውን የወንድሙን ልጅ ሊሆን ይችላል። ልታረጋጊው ስትይ ታስለቅሺዋለሽ። ራሱን ጠይቂው። "የት ስትሆን ነው ልብህ የሚያርፈው?" አንዱ ከመግሪብ በኋላ የጊቢ ጥላ ይልሻል፣ አንዷ የእናቷ ማሳ፣ ሌላው ከዚራ ዛፎች ሥር ማታ ነፋስ ሲመጣ። የሰጡሽን ቃል መልሰሽ ስጫቸው። ቋንቋውን ደግሞ ራስሽ ካልቻልሽ አስተርጓሚ አስቀምጠሽ እንዳትሞክሪ፤ እዚያ ሥራ ላይ ሦስተኛ ሰው ከገባ ማን ይረጋጋል? የሚችል ባለሙያ ጋ ላኪ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያቸው። አንድ ቀን ሥራሽን አጠገብሽ ሆነው ይዩ፤ በእርግጥ ሌላ ታካሚ ሳይኖር፣ በራሳቸው ጉልበት ሕመም ላይ። ታካሚ ሲመጣ ደግሞ ጠበሉንም ዱዓውንም እንዲተው አትጠይቂ። መድኃኒት አቋርጥ የሚለው ካለ ግን እሱን ተነጋገሩበት።

የሐረሩ ነርስ

መጋላ ያልኩትን አሟላልኝ። መንገዱን በተመለከተ፣ ዲግሪ ስላለሽ ቀጣዩ ማስተርስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አለው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክሊኒካልና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤናን አንድ ላይ ያስተምራል፤ የመግቢያ መስፈርቱን ከእነሱ ጠይቂ። እኛ ጋም ሐረር በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የሳይካትሪ ክፍል አለ። ከመመዝገብሽ በፊት መጥተሽ ሰዎቹን አነጋግሪ፤ ከድሬ በሚኒባስ ጠዋት ወጥተሽ ከሰዓት ትመለሻለሽ። ሂፕኖሲስን ከዚያ በኋላ፣ የሚቆጣጠርሽ ባለሙያ ባለበት ትማሪዋለሽ።

ቢሮውን ደግሞ ቤት ከመከራየትሽ በፊት የድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ ሂጂ። ምክር መስጠትና ሕክምና መስጠት ለእነሱ አንድ አይደለም። ታፔላ ላይ "ሕክምና" ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት የሚፈቅዱልሽን በጽሑፍ አውጪ።

እስከዚያ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ቀስ ያለ መተንፈስ አስተምሪ፤ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለአምስት ደቂቃ። ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያዳበረው የጡንቻ ማላላትም አለ። ጭብጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ከእጅ ወደ ትከሻ፣ ወደ ፊት፣ ወደ እግር። ይህ ሂፕኖሲስ አይደለም፣ የትምህርት ቤት አማካሪ ሊያስተምረው ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ። ማንንም "ወደ ልጅነትህ ተመለስ፣ የተረሳውን አስታውስ" እንዳትዪ። ቪዲዮ ላይ ይህን የሚያደርጉ አይቻለሁ። በሂፕኖሲስ ያልሆነ ነገር እንደሆነ ሆኖ ሊታወስ ይችላል፤ ሰውየውም ከልቡ ያምነዋል። ከዚያ ቤተሰብ ይፈርሳል።

ባጃጅ ነጂው

እሺ አምኛለሁ። እኔም እንቅልፍ የለኝም፣ ጫቱ ነው አልክ፣ እሱን አስብበታለሁ። ከዚራ የነገረን የተቀዳ ድምፅ ግን ደስ አለኝ። ከኢንተርኔት አውርጄ እየነዳሁ ብሰማው ይሠራል?

የድሬ ልጅ ከእንግሊዝ

ወሪያ፣ እንዳታደርገው! የተቀዳው ድምፅ ሰውነት እንዲላላ፣ ዓይን እንዲከደን ነው የሚያደርገው። ባጃጁን አቁመህ፣ ቁልፉን አውጥተህ፣ ቤትህ ገብተህ ስማው።