በርሚንግሃም ውስጥ ባፕቲስት ቸርች በየሰፈሩ የበዛው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው አትላንታ ነው። ሰሞኑን ለሥራ አላባማ፣ በርሚንግሃም ሄጄ በድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ስነዳ ገረመኝ። ባፕቲስት ቸርች አለ፣ ታጥፌ ትንሽ ስሄድ ሌላ ባፕቲስት ቸርች። አንዳንዱ ከመኖሪያ ቤት አይበልጥም። እኛ ጋ አንድ ደብር ለስንት ሰፈር ይበቃል። እዚህ ለምን እንዲህ በዛ?

መልስ 1፦ አንደኛ፣ ባፕቲስቶች (ከፕሮቴስታንቶች አንዱ ወገን) ጳጳስ የላቸውም። ፈቃጅ ሀገረ ስብከት የለም። ጥቂት ሰዎች አንድ ቤት ተሰብስበው መጸለይ ይጀምራሉ፣ በርከት ሲሉ ፓስተር ይጠራሉ፣ በቃ ቸርች ሆኑ። ሲጣሉም ተገንጥለው ሌላ ይመሠርታሉ። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ራሷ የፋብሪካ ልጅ ናት። በ1871 የተቆረቆረችው የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ እዚያው አካባቢ ስለተገኘ ነው። ከእርሻ እየለቀቀ የመጣው ሰው በየማዕድኑና በየማቅለጫው ዙሪያ ሰፈረ። መኪና የለውም፤ ከሽፍት ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ቸርች ነው የሚፈልገው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን የጥቁሮቹን ታሪክ ዝም ብለን አንለፈው። በዘር መድልዎ ዘመን በእጃቸው የነበረው አዳራሽ ቸርቹ ነው። ቸርች ማለት እድርም ባንክም ነበር። የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቸርች ፓስተር ዊልያም ፔቲፎርድ በ1890 የጥቁሮች ቁጠባ ባንክ አቋቁመዋል፤ ሠራተኛው በሳንቲም ቆጥቦ ቤት እንዲገዛ።

መብዛታቸው የጠቀመው ደግሞ በ1950ዎቹ ነው። አላባማ በ1956 የጥቁሮችን ትልቁን የመብት ማኅበር ስታግድ፣ ፓስተር ፍሬድ ሸትልስዎርዝ ወዲያው ሌላ ንቅናቄ ጀመሩ። ሰኞ ማታ ሰኞ ማታ ሕዝቡ አንዴ በዚህ ሰፈር፣ አንዴ በዚያ ሰፈር ቸርች ይሰበሰብ ነበር። ሁሉም አንድ ትልቅ ካቴድራል ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ አንድ በር መዝጋት ይበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሸትልስዎርዝ ቸርች ቤቴል ይባላል፤ ያለውም ኮሌጅቪል የሚባል የሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። በ1956 የገና ሌሊት መኖሪያቸው በቦምብ ፈረሰ። አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ከፍርስራሹ ውስጥ በእግራቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ የቸርቹ ወንዶች ቀን ሥራ ውለው ሌሊት በተራ ይጠብቁ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቤቴል አሁንም አለ?

መልስ 2፦ የድሮው ሕንፃ አለ፣ ሄደህ እየው ወንድሜ። ግን ሰዓት ይዘህ ሂድ፤ ሰፈሩን ሐዲድ ከቦታል፣ የዕቃ ባቡር ከገጠመህ ቆመህ መጠበቅ ነው።