ማህበራችን ኦርጋን ይግዛ ወይስ የማሲንቆ መምህር ይቅጠር?

ከመንቆረር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ ደብረ ማርቆስ የሰፈራችን የባህል ሙዚቃ ማህበር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይለማመዳሉ። በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ትልልቆቹ ሰርግ ይጫወታሉ። ከዘንድሮው ሰርግ ትንሽ ብር ተርፏል። ግማሹ አባል በዚህ ብር ኦርጋን እንግዛ ይላል። ሌላው ደግሞ ማሲንቆ የሚያስተምሩንን አባት በደሞዝ እንያዛቸውና በሳምንት ሦስት ቀን ያስተምሩ ይላል። ብሩ ለሁለቱም አይበቃም። እሁድ ድምፅ እንሰጣለን።

እኔ መምህሩ ይቀጠሩ ባይ ነኝ። እስከ ዛሬ ያስተማሩን በነጻ ነው፣ ያውም ከገጠር በእግራቸው እየመጡ። እሳቸው የደከሙ ቀን ማህበሩም አብሮ ይደክማል። ኦርጋን ዛሬ ባይገዛ ለከርሞ ሱቅ ውስጥ ይገኛል፣ እሳቸውን ግን ለከርሞ ከየት እናመጣለን?

ኦርጋን ተጫዋቹ፦
ወንድሜ፣ እኔም የማህበሩ አባል ነኝና እንደ ባዕድ አትየኝ። ለሰርግ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኦርጋን አላችሁ ወይ?" ብሎ ነው። የለንም ስንለው "እሺ እደውላለሁ" ይልና በዚያው ይጠፋል። ባለፈው ጥር ሁለት ሰርግ ያመለጠን በዚህ ነው። ዳሱ ጢም ብሎ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ልጆቹ እየጮሁ፣ ማሲንቆ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር አያልፍም። ማይክ ስታስጠጋለት ደግሞ ስፒከሩ ይንጫጫል። ሰርግ ከሌለ ገቢ የለም። መምህሩን ሦስት ወር ከፍላችሁ በአራተኛው ከምን ልትከፍሏቸው ነው? ሽማግሌን ቀጥሮ ደሞዝ መከልከል ከነጻው ይብሳል።

ዋሽንት ነፊ፦
የድምፅ ማነሱን ተወው፣ መላ አለው። ማሲንቆው ቆዳ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ማይክ አለች፣ ከኦርጋን ጋር ስትተያይ ዋጋዋ ምንም አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ቅኝቱ ነው። ኦርጋን ድምፁ ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ የመጣ ነው። ማሲንቆ ግን ዘፋኙን ይከተላል። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ከወረደ፣ መቺው መቃኛውን ላላ አድርጎ አብሮት ይወርዳል። እኔም ሦስት አራት ዋሽንት ይዤ የምዞረው ለዚሁ ነው፣ ረጅሟ ለወፍራም ድምፅ፣ አጭሯ ለቀጭን። ኦርጋን ሲገባ ሁላችንም፣ ዘፋኙም ጭምር፣ ለእሱ እንገዛለን። ትዝታና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች እንደምንም አብረውት ይሄዳሉ። አንቺሆዬን ግን ሞክሩት እስቲ። በድምፆቹ መካከል ያሉት ጠባብ ርቀቶች ኦርጋኑ ላይ ልክ በልክ አይገኙም። ጎረቤቱ ቁልፍ ይመታና ዜማው ይጎረብጣል። አዋቂ ሰው ይሄንን ለይቶ ያልፈዋል፣ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ልኩ ይሄ ነው ብሎ ይይዘዋል።

የድሮ የቀበሌ ኪነት፦
እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት አባል ነበርኩ። ልጆች፣ "የአባቶቻችን ንጹህ ሙዚቃ" ስትሉ አንድ ነገር አትርሱ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ባንድ መድረክ ተሰልፈው መጫወታቸው ራሱ ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ብቻውን ይዞር ነበር። ዋሽንት የእረኛ ናት። በገና የጾምና የጸሎት ነው። እነዚህን አንድ ላይ አሰባስበው መድረክ ላይ ካወጡት ቀደምቶች አንዱ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው፣ በ1955 ዓ.ም. በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሀሊም ኤል ዳብ በሚባል ትውልደ ግብፃዊ የሙዚቃ ሰው የተቋቋመው። ያ በጊዜው አዲስ ነገር ነበር፣ ዛሬ እኛ ባህል እንለዋለን። ስለዚህ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ባህል ሞተ አትበሉኝ።

እኛን የጎዳን ዕቃ አልነበረም፣ ግጥሙ ነው። ግጥም ተጽፎ ከበላይ ይመጣልን ነበር፣ እኛ በጎጃም ዜማ እያስገባን እንዘፍነዋለን። ዜማው የእረኛ፣ ቃሉ የስብሰባ። ዓመታት እንዲያ ሄደን ከመካከላችን በራሱ የሚገጥም ልጅ አልወጣም። ዛሬም የማህበሩን ልጆች ሳያቸው ከዩቲዩብ የቀዱትን ነው የሚሉት። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር፣ ተማሪው ከየአቅጣጫው ቅኔ ፍለጋ በሚጎርፍበት አገር፣ ልጅ ሁለት ስንኝ መግጠም ሲያቅተው ያሳዝናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እኒህ አባት የሚያስተምሩት የጣት አጣጣል ብቻ ነው ወይስ ሰምና ወርቁንም ጭምር?

ከመንቆረር፦
ጋሼ፣ ሁለቱንም ነው። እንዲያውም ግጥሙ ላይ ይበረታሉ። ልጁን ፊታቸው ያስቀምጡና ስለተቀመጠበት በርጩማ ግጠም ይሉታል፣ ካልገጠመ ማሲንቆውን አያስነኩትም። በሳምንት አንድ ቀን ግን ለሃያ ልጅ አይዳረስም።

እናት ነኝ፦
እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ግን ልጄ እዚያ ስለምትማር ልናገር። 12 ዓመቷ ነው። ማሲንቆ የጀመረች ሰሞን "ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" ያለኝ ብዙ ነው። ዘመድ ጭምር። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፣ ስድብ አይደለም ብዬ ስንቱን አስረዳሁ። አሁን ለምደውኛል።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ትልና ደጋኑ ላይ ያለውን የፈረስ ጭራ እጣን ትቀባለች። ወደዚህ፣ ወደዚያ፣ ነጭ ብናኙ ቀሚሷ ላይ እስኪረግፍ። መሀል ላይ ታቆምና አንዴ ትስበዋለች። ካልጮኸ እንደገና ትቀባለች። ያለ እጣን ጭራው ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም አለችኝ። ይሄን ከስልክ አላየችውም፣ እሳቸው እጇን ይዘው ነው ያሳዩዋት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ወጣሁ እንዳትሉኝ። እናቴ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነበር፣ ረጅም፣ የባሏንም የአማቷንም ነገር የምታወጣበት። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ያንን እንጉርጉሮ ያለው ሰው የለም። እናቴ አሁንም ታስታውሰዋለች። ማህበሩ ኦርጋን ቢገዛም ባይገዛም፣ አንድ ሰው ስልክ ይዞ መጥቶ ይቅዳት። እሷም አርጅታለች።

ከሞጣ፦
እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱ። እንደናንተው ያለ ቡድን ነበረን፣ እኔም ከበሮ መቺ ነበርኩ። ኦርጋን ገዛን። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ በሥራ ሆነ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ባለሰርግ "ኦርጋኑ ውስጥ ከበሮም ዋሽንትም አለ አይደል፣ ታዲያ ስድስት ሰው ለምን አበላለሁ? ዘፋኙና ኦርጋኑ ይምጡ" አለን። ከዚያ ሁሉም እንዲያ ማለት ጀመረ። ከበሮዬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ማሲንቆ መቺው ወደ እርሻው ተመለሰ። በመጨረሻ ኦርጋን ተጫዋቹ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ገባ፣ ሌላ የሚችል ሰው ስላልነበረን ቡድኑ ፈረሰ። ገቢ ያመጣል የምትለው እውነት ነው ወንድሜ፣ ለማን ነው የሚያመጣው የሚለውን አስብበት።

ኦርጋን ተጫዋቹ፦
የሞጣው ወንድሜ ያልከው ከብዶኛል፣ አልዋሽም። እኔ ጓደኞቼን ከሥራ ላስወጣ ብዬ አይደለም። ግን ቡድኑ ይሄንን በደንብ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር፤ አምስት ሰው ካልመጣ ኦርጋኑም አይመጣም ብሎ።

ከሞጣ፦
ብለን ነበር። የሰርግ ሰሞን ሲመጣና ኪስ ባዶ ሲሆን አልጸናንበትም።

ከእንጅባራ፦
እኔ ከአዊ ነኝ። የአገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፣ ጥር 23 እንጅባራ መጥታችሁ እዩት። ለገቢ ብሎ የገባ የለም። ልጅ ገና እግሩ እርካብ ሳይደርስ ኮርቻ ላይ ይወጣል፣ ማህበሩን ያቆየው እሱ ነው። ለልጆቹ አውሉት ብሩን። ለማሲንቆና ለደጋን የፈረስ ጭራ ካጠራችሁ ደግሞ ንገሩኝ፣ እልካለሁ።

ከመንቆረር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጭራውን እንፈልገዋለን። እሁድ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ብሩ ለመምህሩ ደሞዝና ለሁለት የማሲንቆ ማይክ ይዋል። ኦርጋን የግድ ያለ ባለሰርግ ኪራዩን ራሱ ይክፈል፣ ለዚያ ቀን ተከራይተን እንጫወታለን፣ ሙሉ ቡድኑ ካልሄደ ግን አንሄድም። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ኦርጋን አይገባም።

ኦርጋን ተጫዋቹ፦
ኪራይ የሚከፍል ባለሰርግ የምታገኝ አይመስለኝም። እኔ እሁድ እጄን የማወጣው ለኦርጋኑ ነው። ከተሸነፍኩ ግን ማይኮቹን የምገጥምላችሁ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳታስነኩ።

እናት ነኝ፦
ወላጅ ድምፅ መስጠት ይችላል?

ከመንቆረር፦
ይችላል እህቴ። ከቅዳሴ በኋላ በ4 ሰዓት ነው። እናትሽንም ይዘሽ ነይ፣ ስልኬን ሞልቼ እመጣለሁ። መምህሩንም ትናንት አግኝቻቸው ነበር። ስለ ደሞዙ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው "እሱን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ብቻ ያቺ ልጅ ግራ እጇ ጀምሯል፣ በሳምንት አንዴ አይበቃትም" አሉኝ። ያንቺን ልጅ ማለታቸው ነው።