ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በኋላ የወታደሮች ሒሳብ እንዴት ተወራረደ?

መምህር፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት አስተምሬ የ1783ቱ የፓሪስ ውል ላይ ስደርስ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ አያቷ በቀድሞው ሠራዊት ያገለገሉ አንዲት ተማሪ «ወታደሮቹ ውዝፍ ደመወዛቸውን አገኙ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በገንዘብ ፋንታ የመንግሥት መተማመኛ ወረቀት እንደተሰጣቸው፣ ብዙዎቹም ቸግሯቸው በርካሽ እንደሸጡት ነገርኳት። «ታዲያ መንግሥት በመጨረሻ ሲከፍል ለማን ከፈለ?» አለችኝ። ለገዢው እንደተከፈለ አውቃለሁ፤ ወታደሩም ድርሻ እንዲያገኝ ጄምስ ማዲሰን በ1790 ያቀረበው ሐሳብ በምክር ቤቱ 36 ለ13 ወድቋል። ያልገባኝ ምክንያቱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ባለመብቶች ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር ወይስ አልተፈለገም?

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ሒሳብ ማወራረድና ገንዘብ መክፈል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው በጥንቃቄ ተሠርቶ ሁለተኛው ቀረ። ኮንግረሱ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ካዝናው ባዶ ነበር። በ1783 ወታደሩ ሲሰናበት የሦስት ወር ደመወዝ በወረቀት እንዲሰጠው ቢወሰንም፣ ብዙው ወረቀቱ ሳይደርሰው፣ ኮንግረሱ የፈቀደለትን ጠመንጃ ብቻ ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ፊላደልፊያ ላይ የተቆጡ ወታደሮች ጉባኤውን ስለከበቡት የኮንግረሱ አባላት ወደ ፕሪንስተን ለመሸሽ ተገደዱ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ደመወዝ ከፋይ ጆን ፒርስ የሠራዊቱን ሒሳብ እንዲያወራርድ ተሾመ። የእያንዳንዱ ሰው የአገልግሎት ዘመን ከተቀበለው ክፍያ ጋር ተመሳክሮ፣ ቀሪው 6 በመቶ ወለድ በሚታሰብበት ምስክር ወረቀት ላይ ይጻፍለት ነበር። ለመኮንኖች ደግሞ ቃል የተገባላቸው የዕድሜ ልክ ግማሽ ደመወዝ በአምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ተለወጠ። የወጡት ወረቀቶች ከ90 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ በቁጥርና በተቀባዩ ስም መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም።

ሙሉው ለገዢው ይከፈል ያለው የገንዘብ ሚኒስትሩ የአሌክሳንደር ሃሚልተን መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ የተፈቀደ ስለነበረ፣ መንግሥት ከሽያጩ በኋላ የገዢውን መብት ቢሸርፍ ዳግመኛ ብድር የሚያምነው አያገኝም ነበር። ማዲሰንም ቢሆን ገዢው ባዶ እጁን ይቅር አላለም፤ በገበያው ከታየው ከፍተኛ ዋጋ ይከፈለውና ልዩነቱ ለወታደሩ ይሁን ነው ያለው። የ100 ዶላር ወረቀት በ12 ዶላር ገደማ የተሸጠበት ጊዜ ስለነበረ ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም። እኔ ብሆን ድምፄን ለማዲሰን እሰጥ ነበር።

የወታደር ልጅ፣ ከደሴ ሸዋ በር

ወንድሜ ስለ መዝገቡ ያሉት ልቤን ነክቶታል። አባቴ ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የመጣባቸውን ወረቀቶች በፌስታል ጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሮ ነበር። ካረፈ በኋላ እናቴ ይዛቸው አንድ መሥሪያ ቤት ብትሄድ፣ የአያቴ ስም በአንዱ ወረቀት በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ኀ» ስለተጻፈ ሰውየው አንድ መሆኑን በምስክር አረጋግጪ ተባለች። አብረውት ከዘመቱት ውስጥ በሕይወት ያሉ ሦስት ሰዎች ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብን።

አሜሪካኖቹም ይህን አይተዋል። በ1800 የጦር ሚኒስቴሩ ቢሮ ተቃጥሎ ብዙ መዛግብት ስለጠፉ፣ በ1818 ለችግረኛ ዘማቾች ጡረታ ሲፈቀድ ሽማግሌዎቹ ዳኛ ፊት ቀርበው በማን አዛዥነት፣ በየትኛው ውጊያ እንደነበሩ በመሐላ ይናገሩ ነበር። ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ነበር የተወሰነለት። ከ1820 ጀምሮ ደግሞ ድህነቱን ለማሳየት ያለውን ንብረት ሁሉ እንዲያስቆጥር ተጠየቀ። ለአገሩ የተዋጋ ሰው ድስቱንና ላሙን እንዲቆጥር መደረጉን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ድህነትን የማስረዳት ግዴታ የቀረው በ1832ቱ ሕግ ነው።

መምህር፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለተማሪዬ መዝገቡ እንደነበረና ምክር ቤቱ ግን ገዢውን እንደመረጠ እነግራታለሁ፤ ወረቀቱን የሸጠው ወታደር ችግረኛ ሆኖ 1818ን በሕይወት ካየ ጡረታውን ማግኘት ይችል እንደነበረም እጨምርላታለሁ። የ35 ዓመት ጥበቃ ነው፤ በመካከሉ የሞቱት አላገኙትም። የወንድሜን የ«ሀ» እና የ«ኀ» ጉዳይም፣ ከፈቀዱልኝ፣ ለክፍሉ ብነግር ደስ ይለኛል።